የሥነ ተዋልዶ ትምህርት ክርክር በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፦ ሕጉ ምን ይላል? አለመግባባቱስ ምን ላይ ነው?

ከሞጆ ተነስቶ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ አድርጎ ሻሸመኔ የሚደርሰው መንገድ፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው መስመር በየዓመቱ ብዙ ወጣቶችን ከገጠር ወደ ከተማ ያመጣል። አንዷ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ለመከታተል ከጓደኞቿ ጋር ቤት ትከራያለች። ሌላዋ በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ባሉት የአበባ እርሻዎች፣ በወንጂ የሸንኮራ አገዳ ልማት አካባቢ ወይም በከተማ ምግብ ቤት ሥራ ትፈልጋለች። ከወላጆቿ ቤት የወጣችው ይህች ልጅ ስለ ሰውነቷ፣ ስለ እርግዝናና ስለ አባላዘር በሽታዎች ምን ያህል ታውቃለች? የምታውቀውንስ የነገራት ማን ነው?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ወላጆችን፣ የሃይማኖት አባቶችን፣ መምህራንንና የጤና ባለሙያዎችን ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። አንዱ ወገን ዕውቀት ልጆችን ከጉዳት ይጠብቃል ሲል፣ ሌላው ያለጊዜው የሚሰጥ ዕውቀት ለማያስፈልግ ነገር ያነሳሳቸዋል ይላል። በመካከሉ ግን የአገሪቱ ሕግ በትክክል ምን እንደሚፈቅድና ምን እንደሚከለክል፣ ጉዳቱም በዋናነት የሚደርሰው በየትኛዋ ልጅ ላይ እንደሆነ ሳይነገር ይቀራል።

የተደበላለቁ ጉዳዮች

በክርክሩ ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። የመጀመሪያው በትምህርት ቤት የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ ይኸውም ስለ ጉርምስና፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ሌሎች አባላዘር በሽታዎች የሚሰጠውን ያካትታል። ሁለተኛው የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጽንስን ማቋረጥ በምን ሁኔታ ይፈቀዳል የሚለው የሕግ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው የመጀመሪያውን ደግፎ ሦስተኛውን ሊቃወም ይችላል። ብዙ ወላጆችም በእርግጥ የሚያስቡት እንዲሁ ነው። ሦስቱ ተደባልቀው ሲቀርቡ ግን ስለ ወር አበባ የሚያስተምር መምህር ውርጃን እንደሚሰብክ ይቆጠራል፤ ጽንስ ማቋረጥን በእምነቱ የሚቃወም አባትም የልጆችን ትምህርት እንደሚጠላ ተደርጎ ይታያል።

ጉዳዮቹ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደሉም። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ማኅበሩ በአዲስ አበባ ጀምሮ ቀስ በቀስ አዳማን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቷል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ደግሞ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸውን ልጆች ቁጥር ከ7.7 ወደ 4 ዝቅ ለማድረግ፣ የወሊድ መከላከያ ተጠቃሚዎችንም ከ4 በመቶ ወደ 44 በመቶ ለማድረስ አቅዶ ነበር። ለሁለቱም ግቦች የተያዘው ጊዜ እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ነበር። ፖሊሲው በወጣ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ በካይሮ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ሕዝብና የልማት ጉባኤ «የሥነ ተዋልዶ ጤና» የሚለውን አጠራር በዓለም ዙሪያ አስተዋወቀ።

በትምህርት ቤቶች በኩል የሥነ ሕዝብና የቤተሰብ ሕይወት ትምህርት ቀድሞ ገብቶ ነበር። ኤች አይ ቪ ሲስፋፋ ደግሞ የፀረ ኤድስ ክበባት በየትምህርት ቤቱ ተቋቋሙ። የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች የሚያድሩባቸው አዳማን የመሰሉ ከተሞች የበሽታው መተላለፊያ መስመር ላይ ስለነበሩ፣ በዚያ ዘመን ያደጉ ነዋሪዎች ስለ ኮንዶምና ስለ ምርመራ በሰልፍ ሥነ ሥርዓት ላይ ሳይቀር ሲነገር ሰምተዋል። ስለዚህ ወጣቶችን ስለ ግንኙነት ማስተማር በእነዚህ ከተሞች ያልተለመደ ነገር አይደለም። ለውጡ ትምህርቱ የሚጠራበት ስምና የሚያካትተው ይዘት ላይ ነው።

ክርክሩ የከረረው በምን ምክንያት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2009 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) ስለ ሥነ ጾታ ትምህርት ዓለም አቀፍ የሙያ መመሪያ አወጣ። መመሪያው በ2018 ተሻሽሎ እንደገና ታተመ። ከ5 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ እስከ 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ላሉ ልጆች በየደረጃው ሊሰጥ የሚገባውን ይዘረዝራል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች የጤናና የትምህርት ሚኒስትሮች በኬፕታውን ተገናኝተው፣ ለወጣቶች «ሁሉን አቀፍ የሥነ ጾታ ትምህርት»ና የጤና አገልግሎት ለማስፋፋት ቃል ገቡ።

ተቃውሞው የጠነከረው በዚህ «ሁሉን አቀፍ» በሚለው ቃል ላይ ነው። የሃይማኖት ተቋማትና ብዙ ወላጆች ቃሉ ምን ምን እንደሚያቅፍ ይጠይቃሉ። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተከለከለ በመሆኑ፣ ከውጭ የተቀዳ ሥርዓተ ትምህርት ይህን የመሰለ ይዘት ይዞ እንዳይገባ ይሰጋሉ። ለሕፃናት ስለ ግንኙነት ማስተማርም ተፈጥሯዊ የሆነውን እፍረት ያጠፋል የሚሉ አሉ። የትምህርቱ ደጋፊዎች በበኩላቸው በአገር ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት በአገሪቱ ሕግና ባህል የተቃኘ እንደሆነና ለታናናሾቹ የሚነገረው በአብዛኛው ሰውነትን ስለ ማወቅና ክፉ ንክኪን ስለ መለየት እንደሆነ ይመልሳሉ።

ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ፤ መጽሐፉን ገልጦ ማንበብ። ተማሪዎች የሚማሩበት የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ስለ መራቦ የሚናገር ምዕራፍ አለው። ወላጅ ያንን ምዕራፍ በራሱ ዓይን ካየ፣ ክርክሩ ከወሬ ወጥቶ በእጅ ባለ ጽሑፍ ላይ ይቆማል።

ሕጉ ምን ይላል?

ከሁሉ በላይ የሚቆመው ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚደርስባቸውን ጉዳት ለመከላከልና ጤንነታቸውን ለመጠበቅ የሚያስችል የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ በቤተሰብ ምጣኔ ላይ ትምህርትና መረጃ ማግኘት በመንግሥት ወይም በድርጅት በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነገር አይደለም።

የጋብቻ ዕድሜን በተመለከተ በ1992 ዓ.ም. የጸደቀው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎታል። የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ዕድሜ ያስቀምጣል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 መሠረት ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው፣ ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። የሴት ልጅ ግርዛትም ወንጀል ነው።

ብዙ የሚያከራክረው ጽንስ ማቋረጥ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥን በመርህ ደረጃ ይከለክላል። በአንቀጽ 551 ግን የማያስቀጡ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። እነዚህም፦

- እርግዝናው የተፈጠረው በአስገድዶ መድፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት ሲሆን፣
- የእርግዝናው መቀጠል የእናቲቱን ወይም የጽንሱን ሕይወት አልያም የእናቲቱን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ሲሆን፣
- ጽንሱ ሊድን የማይችል ከባድ የአካል ጉድለት ያለበት ሲሆን፣
- ነፍሰ ጡሯ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ምክንያት ልጁን ለማሳደግ የማትችል ስትሆን ናቸው።

አስገድዶ መድፈር በደረሰ ጊዜ የሴቲቱ ቃል በቂ እንደሆነ አንቀጽ 552 ይገልጻል፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም የፖሊስ ማስረጃ እስኪመጣ እንድትጠብቅ አትገደድም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ያወጣው መመሪያ ደግሞ ዕድሜዋን በተመለከተ የተናገረችው ቃል እንደሚበቃ አስቀምጧል። ድህነት ብቻውን ጽንስ ለማቋረጥ ፈቃድ አይሆንም፤ ሆኖም እጅግ የከፋ ድህነት ቅጣት ማቅለያ እንደሚሆን አንቀጽ 550 ያመለክታል።

ስለዚህ «በኢትዮጵያ ውርጃ ሙሉ በሙሉ የተፈቀደ ነው» የሚለውም፣ «በማንኛውም ሁኔታ የተከለከለ ነው» የሚለውም ትክክል አይደለም። ይህ አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። ሕጉ በሚፈቅድላት ሁኔታ ውስጥ ያለች ልጅ በሕግ ትጠየቃለች ብላ ፈርታ ወደ ጤና ተቋም ሳትሄድ፣ በድብቅ ወደሚሠራ ሰው ወይም ወደ አደገኛ መድኃኒት ልትሄድ ትችላለች።

ከአርሲ የተነሳ ጉዳይ

ሕጉ አሁን ያለበት ደረጃ ላይ የደረሰው በብዙ ውጣ ውረድ ነው። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት ልጅን የጠለፈ ሰው ከጠለፋት ልጅ ጋር የጸና ጋብቻ ከፈጸመ ከክስ ያመልጥ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ከብት ተሰጥቶ፣ ጉዳዩ በዕርቅ ሲያልቅ ልጅቱ የጠላፊዋ ሚስት ሆና ትኖራለች። ማንም ሰው እርሷን አይጠይቃትም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ከአዳማ በስተደቡብ በሚገኘው በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች፤ ተደፈረችም። ለማምለጥ ስትሞክር በእጇ በገባው መሣሪያ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው። በግድያ ወንጀልም ተከሰሰች። ከአንድ ዓመት በፊት የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ አቆመላት። ጠበቃዋ ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ፍርድ ቤቱም ልጅቱ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2014 «ድፍረት» ለተሰኘው ፊልም መነሻ ሆኗል።

ኋላ የወጣው የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ጠላፊ ጋብቻ በመፈጸሙ ከቅጣት እንዳያመልጥ አደረገ። ዛሬ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። የመብት ተሟጋቾች ሥራ ምንድን ነው ለሚል ሰው ይህ ጉዳይ ግልጽ መልስ ይሰጣል። በዚያ ዘመን «ባህላችንን ሊያፈርሱ ነው» ተብለው የተወቀሱት ሴቶች የጠየቁት፣ ዛሬ አብዛኛው ወላጅ ለልጁ የሚመኘውን ጥበቃ ነበር።

ቁጥሮቹ ስለ ማን ይናገራሉ?

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው ያላገባች የከተማ ወጣት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ግን ሌላም ልጅ እንዳለች ያሳያል።

በጥናቱ መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 ከሆኑ ልጃገረዶች በአገር አቀፍ ደረጃ 13 በመቶው ወልደው ወይም ነፍሰ ጡር ሆነው ተገኝተዋል። በኦሮሚያ ቁጥሩ 17 በመቶ ሲሆን በአዲስ አበባ 3 በመቶ ነው። በገጠር 15 በመቶ፣ በከተማ 5 በመቶ ሆኗል። ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች መጀመሪያ ያገቡበት አማካይ ዕድሜ 17.1 ዓመት፣ መጀመሪያ ግንኙነት የፈጸሙበት ደግሞ 16.6 ዓመት ነበር።

የሁለቱ ዕድሜዎች መቀራረብ ትልቅ ትርጉም አለው። ለአብዛኛዋ ኢትዮጵያዊት የግንኙነት ሕይወት የሚጀምረው በትዳር ወይም በትዳር ዋዜማ ነው። በልጅነቷ የምታረግዘው ልጅ በብዛት ያገባች የገጠር ልጅ ናት። «እስከ ጋብቻ ታገሱ» የሚለው ምክር ለከተማዋ ተማሪ ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ በ15 ዓመቷ ለተዳረችው ግን የሚያድናት ነገር የለም። እርሷን የሚጠብቃት የጋብቻ ዕድሜ ሕግ መከበሩ፣ ትምህርቷን መቀጠሏና ከተዳረችም በኋላ የመጀመሪያ ልጇን ለማዘግየት የሚያስችል አገልግሎት ማግኘቷ ነው።

በከተሞች ያለው ሁኔታ ደግሞ የተለየ ነው። ትምህርት ሲስፋፋ የጋብቻ ዕድሜ ይጨምራል። ይህ ሁሉም ወላጅ የሚደሰትበት ለውጥ ነው። ነገር ግን በጉርምስናና በጋብቻ መካከል ያለው ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ዓመት ወደ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይረዝማል። የአያቶቻችን ዘመን ልማድ ለዚህ ረጅም ጊዜ አልተዘጋጀም። የአዳማ ወይም የሻሸመኔ ወጣት ይህን ጊዜ የሚያሳልፈው ከስልኩ ጋር ነው። ወላጅ ያልነገረውን፣ መምህር የዘለለውን፣ ስልኩ ያለ ማጣሪያ ያቀርብለታል።

የሚቃወሙ ወገኖች ሥጋት

የሃይማኖት ተቋማት አቋም አንድ ወጥ አይደለም። ጽንስ ማቋረጥን በተመለከተ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና ሌሎችም የሕይወት መጀመሪያ ጽንሰት እንደሆነ ያስተምራሉ። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ሰው ሠራሽ የወሊድ መከላከያዎችን አትቀበልም፤ ተፈጥሯዊ ዘዴን ትመክራለች። በእስልምና በኩል ብዙ ሊቃውንት ባልና ሚስት ተስማምተው ልጆችን አራርቀው መውለድ እንደሚችሉ ያስተምራሉ፤ ቅዱስ ቁርኣንም ጡት የማጥባትን ጊዜ ሁለት ሙሉ ዓመት ያደርገዋል። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አቋም እንደየቤተ እምነቱ ይለያያል።

ከእምነት ውጭ የሚነሱ ሥጋቶችም አሉ። አንዱ የወላጅ ሥልጣን ነው፤ ልጄን ስለ እንዲህ ያለ ነገር ማስተማር የእኔ ድርሻ ነው የሚል። ሌላው የመምህሩ ብቃት ነው። ያልሠለጠነ መምህር በአንድ ክፍል በተቀመጡ ብዙ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ፊት ስለ ጾታ ሲናገር ትምህርቱ ወደ ሳቅና ፌዝ ሊለወጥ ይችላል። ሌላም የቋንቋ ችግር አለ። በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ የአካል ክፍሎች ስም አንድም ነውር የሚባል ስድብ፣ አንድም የሐኪም ቃል ነው፤ በመካከሉ መምህርም ወላጅም ሳያፍር የሚጠቀምበት ቃል ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ ምዕራፉ «በቤታችሁ አንብቡት» ተብሎ የሚታለፈው በክፋት ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህ ሥጋቶች በቀላሉ የሚጣሉ አይደሉም። ወላጅ የማያውቀው ትምህርት እምነት አያገኝም። በዕፍረት የተሰጠ ትምህርትም የሚያስተላልፈው ዕፍረትን ብቻ ነው።

የሚደግፉ ወገኖች ማስረጃ

ደጋፊዎች በመጀመሪያ የሚያነሱት የእናቶችን ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በዚሁ ጊዜ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች ከ8 በመቶ ወደ 36 በመቶ ከፍ ብለዋል። ለለውጡ አስተዋጽኦ ያደረጉት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ በጤና ተቋም መውለድ፣ መንገድ፣ የሴቶች ትምህርትም ይገኙበታል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ግን በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች መድቦ የቤተሰብ ምጣኔን እስከ ገበሬው ደጃፍ ማድረሱ ትልቅ ድርሻ አለው። አገልግሎቱን ያቀረቡት የዚያው ማኅበረሰብ ልጆች፣ ቋንቋውንና ልማዱን የሚያውቁ በመሆናቸው ተቀባይነት አግኝቷል።

ጽንስ ማቋረጥን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2014 የተደረገ ጥናት በአገሪቱ ከሚፈጸሙት ውስጥ በጤና ተቋም የሚከናወኑት 53 በመቶ እንደሚሆኑ ገምቷል፤ በ2008 ግን 27 በመቶ ነበሩ። ይህ ማለት ከሕጉ መሻሻል ዘጠኝ ዓመት በኋላም ግማሽ ያህሉ ከተቋም ውጭ ይፈጸም ነበር።

የትምህርቱን ውጤት በሚመለከት ደግሞ ዩኔስኮ በ2018 መመሪያው ያሰባሰባቸው ጥናቶች ትምህርቱ ወጣቶች ግንኙነት ቶሎ እንዲጀምሩ እንደማያደርግ ያሳያሉ። ስለ መታቀብ ብቻ የሚያስተምሩ ፕሮግራሞችም ብቻቸውን ውጤት አላስገኙም። ይህ ለወላጅ ትልቁ ሥጋት የሆነውን ነጥብ በቀጥታ የሚነካ ማስረጃ ነው። ጥናቶቹ የተደረጉት በተለያዩ አገሮች እንደመሆኑ ግን የአገር ውስጥ ትምህርት ውጤት በየጊዜው መመዘን እንዳለበት ደጋፊዎችም ይስማማሉ።

ገንዘቡና የባለቤትነት ጥያቄ

«ትምህርቱ የውጭ ገንዘብ ይዞ የመጣ ነው» የሚለው አስተያየት በአንድ በኩል እውነትነት አለው። ለሥነ ተዋልዶ ጤና የሚውለው ገንዘብ ብዙው ከለጋሾች ሲመጣ ቆይቷል። ይህም ሥራውን ለሌሎች አገሮች ፖለቲካ ተጋላጭ አድርጎታል። ከጽንስ ማቋረጥ ጋር የተያያዘ ሥራ ለሚሠሩ የውጭ ድርጅቶች የአሜሪካ ገንዘብ እንዳይሰጥ የሚከለክለው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1984 ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ፕሬዚዳንት በተለወጠ ቁጥር ሲነሳና ሲመለስ ኖሯል፤ በ2017 ተመለሰ፣ በ2021 ተነሳ፣ በጥር 2025 እንደገና ተመለሰ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ራሱ ተዘጋ።

ይህ ሁኔታ ሁለቱንም ወገኖች አንድ ነገር ያስተምራል። አገልግሎቱን የሚፈልግ ሰው፣ ዋሽንግተን ላይ በሚፈረም ወረቀት የሚዘጋ ክሊኒክ ለባቱ ወይም ለመቂ እናት ዘላቂ መፍትሔ እንደማይሆን ይረዳል። የውጭ ተጽዕኖ የሚያሳስበው ሰው ደግሞ፣ ይዘቱን በአገር ልጆች ማዘጋጀትና ወጪውን በአገር በጀት መሸፈን ከሁሉ የተሻለ መከላከያ እንደሆነ ማየት ይችላል።

ሁለቱም የሚስማሙበት

ክርክሩ በረጋ መንፈስ ሲታይ አለመግባባቱ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ያለዕድሜ ጋብቻ መቅረት እንዳለበት፣ ጠለፋና መድፈር ወንጀል እንደሆኑ፣ ልጅ ክፉ ንክኪን ለይታ ለእናቷ መናገር መቻል እንዳለባት፣ የወር አበባ ሲመጣ ልጅቱ ደንግጣ ከትምህርት መቅረት እንደሌለባት፣ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ማሳደግ በሚችሉት መጠን መውለድ እንዳለባቸው የሚቃወም ወገን የለም።

የሴትን ክብር የመጠበቅ ሐሳብም ከውጭ የመጣ አይደለም። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ያገባች ሴት የምትይዘው የሲንቄ በትር የመብቷና የክብሯ ምልክት ነው። በደል ሲደርስባት፣ በተለይም አራስ ሆና ስትደበደብ፣ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በደሉ ሳይካስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። አባ ገዳዎችና ሃደ ሲንቄዎች በጠለፋና በልጅነት ጋብቻ ላይ የሚናገሩት ቃል ከማንኛውም ፖስተር ይልቅ ይደመጣል።

የማይስማሙበት ጉዳይ ግልጽ ነው፤ የጽንስ ማቋረጥ ሥነ ምግባር፣ ላላገቡ ወጣቶች የወሊድ መከላከያ መስጠትና የሥርዓተ ትምህርቱ ወሰን። በእነዚህ ላይ ክርክሩ ይቀጥላል፤ መቀጠሉም ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህ እስኪፈታ ተብሎ የሚስማሙበት ሥራ የሚዘገይበት ምክንያት የለም።

ወላጅና ወጣት ማወቅ ያለባቸው

የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች በነፃ ይሰጣል። ጥያቄ ያለው ሰው መጀመሪያ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማነጋገር ይችላል።

አስገድዶ መድፈር የደረሰባት ሰው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም ቢበዛ በአምስት ቀን ውስጥ መወሰድ አለበት፤ በቶሎ ሲወሰድ የበለጠ ይሠራል። ከምርመራ በፊት ገላን አለመታጠብና የለበሱትን ልብስ አለማጠብ ማስረጃን ይጠብቃል። በዕርቅ ስም ጊዜ መግደል ሁለቱንም፣ ሕክምናውንም ፍትሑንም፣ ያሳጣል።

በአበባ እርሻም ሆነ በሌላ ድርጅት የምትሠራ ሴት በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ አላት። በእርግዝናዋ ምክንያት ከሥራ ልትሰናበት አይገባም።

ወላጅ ደግሞ ከሁሉ የቀለለውንና የከበደውን ነገር በቤቱ መጀመር ይችላል፤ ይኸውም መናገር ነው። የልጅቱ የወር አበባ ሳይመጣ እናቷ ብትነግራት፣ የልጁ ድምፅ ሲጎረንን አባቱ ስለ ሰው ክብር ቢያወራው፣ ትምህርት ቤቱና የእምነት ቤቱ የሚያስተምሩት በዚያ ላይ ይጨመራል። ከአርሲ ነገሌ ገጠር ተነስታ ባቱ ላይ ቤት የምትከራየው ልጅ ቤቷን ስትለቅ ምግብና ልብስ ተቋጥሮላት ትሄዳለች። ከስንቋ ጋር የሚጠብቃት ዕውቀት ካልተጨመረላት፣ የመጀመሪያ መምህሯ መንገድ ላይ የሚያገኛት ሰው ይሆናል።